ከፎጣ ሥር የጠፉት ሁለት ጣቶች

ሰንበቴ ገበያ ላይ ከእኔ የሚበልጥ ደላላ አልነበረም። ለመኩራራት ብዬ አይደለም፤ መኩራራት ብፈልግ ሌላ ብዙ ነገር አለኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ፊደል ለቅሜ አማርኛ ማንበብና መጻፍ የቻልኩ ሰው ነኝ። አፋርኛን ያስተማረኝ የለም፤ ከግመል ነጋዴዎች ጎን ቁጭ ብዬ አፋቸውን እያየሁ ወሰድኩት። ኦሮምኛ የእናቴ፣ አማርኛ የአባቴ ቋንቋ ስለሆነ እነሱን ከዕውቀት አልቆጥራቸውም። የተበላሸ ራዲዮ ፈትቼ ስገጥመው ይናገራል። ከሚሴ ውስጥ ይህን ሁሉ ያለ አስተማሪ የቻለ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ፤ እስካሁን አልመጣም።

ነገር ግን ቤቴን ያቆመው ይህ ሁሉ አይደለም። ያቆመው ቀኝ እጄ ነው። የምጽፈውም ስለዚያ እጅ ነው፤ ሊሄድብኝ ሲነሳ እንዴት ቀድሞ እንደነገረኝ፣ እኔም፣ ያን ሁሉ ቋንቋ የምሰማው ሰውዬ፣ የእሱን እንዴት ሳልሰማ እንደቆየሁ።

ነገሩ የሆነው ሞባይል ወደ እኛ አገር ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ያኔ በገበያችን የግመልና የከብት ዋጋ በአፍ አይነገርም ነበር። ሻጩ የደላላውን ቀኝ እጅ ይይዛል፣ ከላይ ፎጣ ይጣልበታል። ከዚያ በኋላ አፍ ስለ ዝናብና ስለ ግጦሽ ያወራል፤ ዋጋውን የሚያወሩት ጣቶች ናቸው። ሻጩ አንድ ጣቴን ከያዘ አንድ ነው፣ አራቱን በአንድ ላይ ከጨበጠ አራት ነው። አንዱ ጣት ስንት እንደሚያወጣ የዕለቱ ገበያ ያውቀዋል። እኔ በእጄ የተነገረኝን ይዤ ወደ ገዢው እሄዳለሁ፣ እዚያም በሌላ ፎጣ ሥር በገዢው ጣቶች ላይ እነግረዋለሁ። ዙሪያውን የቆመ ሰው ፎጣው ሲነቃነቅ ከማየት በቀር ምንም አያውቅም። ይህ ነገር በግራ እጅ አይሠራም። ግራውን የዘረጋ ደላላ ሻጩን እንደሰደበ ነው። ስለዚህ ቀኙ የሞተበት ደላላ አንድ እጅ የቀረው ሰው አይደለም፤ ምንም እጅ የሌለው ሰው ነው።

የእኔን እጅ ደግሞ ሁሉም ይፈልገው ነበር። ከአያያዙ ብቻ ሻጩ የቸገረው ይሁን የጠገበ፣ ከብቱን የሚወድ ይሁን የሚደብቀው ነገር ያለው አውቅ ነበር። ዓይኔም ከእጄ አያንስም። አንድ ጊዜ የጎረቤቴን በሬ ከሜዳ ማዶ አይቼ፣ «ይህን በሬ ከነገ ጀምሮ ቀንበር አታሸክመው፣ የቀኝ ትከሻው ታሟል» አልኩት። በሬው አላነከሰም፣ አልቆሰለም፤ ሲራመድ ቀኝ ጆሮው ብቻ ከግራው ትንሽ ይዘገይ ነበር። ጎረቤቴ ሳቀና አረሰበት። ዝናቡ ሳይወጣ በሬው ተኛ፣ ከዚያ በኋላ ቀንበር የሚሸከም ትከሻ አልነበረውም። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ስንት እንግዳ ፊት እንዳወራሁት ታውቃለች። በኋላ መልሳ የወረወረችብኝም እሱኑ ነው።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነበር። ከሰንበቴ ስመለስ ጨፋ ላይ ከመኪና ወርጄ የአንድ ወዳጄን ጊደሮች አየሁለት፤ የቀትሩን ዙሁር ሰግጄ ቦርከና ወንዝ ዳር ካለች ሾላ ሥር ጋደም አልኩ። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል፣ ቅጠሉ አይነቃነቅም፣ እህል የሚጠብቁት ሰዎች ጩኸት ጠፍቷል፣ ወፉም ዝም ብሏል። በቀትር የሚመጣ እንዲህ ያለ ዝምታ አለ፤ የእኛ አገር ሰው አይወደውም።

ስነቃ ደረቴ ላይ የሰው እጅ ነበር።

ዓይኔን ሳልገልጥ ነው ያወቅሁት። ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ አይንቀሳቀስም። ሌባ ነው ብዬ በግራ እጄ አንጓውን አፈፍ አደረግሁት። ሌባው አልጮኸም፣ ሊያመልጥም አልሞከረም። እየጎተትኩት ስነሳ የራሴ ትከሻ አብሮ ተነሳ። ያኔ ገልጬ አየሁት። ጥፍሩ የእኔ ነው፣ ጠባሳው የእኔ ነው፣ የብር ቀለበቱም የእኔ። ውስጡ ግን ማንም አልነበረም። ቆይቶ እንደ ጉንዳን መንጋ ያለ ነገር ከአንጓዬ ወደ ጣቶቼ ወረደ፤ ነዘረኝ፣ አቃጠለኝ፣ ከዚያ እጁ ተመልሶ የእኔ ሆነ። ማሽላው ውስጥ አንድ ነገር እየተራመደ ሲርቅ የሰማሁ መሰለኝ። ነፋስ አልነበረም። አቧራዬን አራግፌ ወደ መንገዱ ወጣሁ።

ሳቅሁበት። የተኛበት እጅ ይደነዝዛል፣ ማን ደንዝዞት የማያውቅ አለ? ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ለመደብኝ። ወይፈን ስይዝ ገመዱን ቀኝ አንጓዬ ላይ ጠምጥሜ በአንድ እጅ ማቆም ጌጤ ነበር፤ ሌላው ደላላ ሁለት እጁን አውጥቶ ሲንገታገት እኔ በግራዬ ጺሜን እያበጠርኩ እቆማለሁ። ያን ባደረግሁ ቁጥር ጉንዳኖቹ ይመጡ ጀመር። ዱላዬ ላይ አንጓዬን አጥፌ ስደገፍ ይመጣሉ። ውዱእ ሳደርግ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ውሃው በአውራ ጣቴ፣ በጠቋሚዬና በመሃል ጣቴ ላይ ሲፈስ አየዋለሁ እንጂ አይሰማኝም። የቀለበት ጣቴና ትንሿ ላይ ሲደርስ ግን ይቀዘቅዛል። እጄ መሃል ላይ ድንበር ተሰምሮ፣ ከወዲያ ያለው አገር የሌላ ሰው የሆነ ይመስል ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ከመግሪብ በፊት፣ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ባለቤቴ ቀና አለች።

«የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል።»

«ከደጅ ይሆናል» አልኳት።

«ከደጅ አይደለም። ሥጋ ነው።»

እሷ የአልጋውን ልብስ ገለበጠች፣ እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጓዳም ሸተተኝ። «እዚህ ነው!» ብዬ ጠራኋት። መጣች፣ ማድጋውን አነሳች፣ ጆንያውን ገፋች፣ ምንም የለም። ወደ ሳሎን ተመለስን፤ ሽታው ቀድሞን እዚያ ነበር። ወደ በር ወጣሁ፤ በሩ ላይም አለ። ባለቤቴ መሃል ቤት ቆማ አየችኝ።

«አንቱ ሰውዬ» አለች በዝግታ፣ «አንቱን ነው የሚከተለው።»

እጄን ይዛ ወደ ብርሃን አወጣችው። ማንቆርቆሪያውን ሳነሳ ጠቋሚ ጣቴ የከሰል ምድጃው ከንፈር ላይ አርፎ ኖሯል። ጫፉ ነጭ ሆኗል፣ ቆዳው ተነስቷል።

«አያምዎትም?»

«ምንም አያመኝም» አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር።

«አለማመሙ ደግ ነገር መስሎዎታል? የሰው በሬ ጆሮው ሲዘገይ ከሜዳ ማዶ ያያሉ። የራስዎ እጅ ሲቃጠል ግን በአፍንጫ ነው የሚፈልጉት።»

ጣቴን ማር ቀብታ አሰረችልኝ።

ወሬው ከቤት ወጣ። አጥር የምንጋራ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅለው ነው የሚያወሩት፣ ሲያወሩም የሚሰማቸው ሌላ ሰው ያለ ይመስል ዙሪያቸውን ያያሉ። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና «ሀርከ ኬ፣ እጅህን አምጣ» አሉኝ። ገለበጡት፣ አሸተቱት፣ መልሰው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት፤ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው።

«በቀትር ተኝተሃል?»

«ተኝቻለሁ።»

«ሾላ ሥር?»

«ሾላ ሥር።»

«ቢስሚላህ ብለሃል?»

«ደክሞኝ ነበር።»

«እነዚያ እንዲህ ናቸው» አሉ፣ ስማቸውን ሳይጠሩ። «የሰውን ይወስዳሉ፣ የራሳቸውን ትተው ይሄዳሉ። መልኩ አይለይም። ሲሠራ ነው የሚለየው።»

«እንግዲያው የእኔን የወሰደው ጂኒ አሁን ጥሩ ደላላ ሆኗል» አልኳቸው። ባለቤቴ ሳቀች፣ እሳቸው አልሳቁም። እኔም ብቻዬን ስሆን አልሳቅሁም። መስጊድ ውስጥ ተቀምጬ እጄ ጉልበቴ ላይ ሆኖ ሳየው፣ እሱም የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

የሰፈራችን ሸህ ቁርኣን አነበቡበት፣ እፍ አሉበት፣ ሲጨርሱም «እኛ የእኛን አድርገናል፤ አሁን ጤና ጣቢያ ሂድበት» አሉኝ። አልሄድኩም። ራሴን ያስተማርኩ ሰው ራሴን ማከም አያቅተኝም አልኩ። ጥቁር አዝሙድ ዘይት አሸሁት፣ በጨርቅ አሰርኩት፣ ጨው በገባበት ሞቅ ያለ ውሃ ነከርኩት። ሲነዝረኝ አራግፈዋለሁ፣ ሲያልፍ እረሳዋለሁ። ማሽላው ታጭዶ ተወቃ፣ እኔ ግን ያው ነኝ። እንዲያውም ንዝረቱ እየቀነሰ መጣ። ዳንኩ ብዬ ለሰው አወራሁ። ጉንዳኖቹ የጠፉት መንገዱ ስለተዘጋ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት።

ገበያ ላይ ያወቀብኝ የለም። ከጣቴ የጎደለውን ከሰው ፊት አነብ ነበር። ሻጩ አራት ሲይዝ ከንፈሩ ይጠብቃል፣ ሁለት ሲይዝ ዓይኑ ይሸሻል። እንዲህ አድርጎ በዓይኑ ጣት የሚቆጥር ደላላ ከእኔ ሌላ አይፈጠርም፤ ይህንንም ማንም ሊክደኝ አይችልም።

ፊቱ የማይነበብ ሰው እስኪመጣ ድረስ ነው ይህ የሠራልኝ። ግመሉን ለብዙ ዓመት በእኔ እጅ ብቻ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ አፋር ነበር። ሲያወራህ ከራስህ በላይ ያለውን ሩቅ ነገር ያያል፤ ፊቱ ላይ ጠብታ ነገር አይገኝም። ጣት ሲይዝም እንደ ሌላው አይጨምቅም፤ ወፍ እንደሚይዝ ሰው ለስለስ አድርጎ ነው። ያን ዕለት አንዲት ጥሩ ግመል ይዞ መጣ። እንደ ልማዳቸው በመጀመሪያ ዳጉ ተቀመጥን፤ ከየት እንደመጣ፣ መንገዱ ላይ ምን እንዳየ፣ ዝናብ የት እንደጣለ ሁሉን ነገረኝ፣ እኔም የእኔን ነገርኩት። ከዚያ ፎጣዬን ጣልን።

እጁ እጄ ላይ አረፈ። ጠበቅሁ። የቀለበት ጣቴና ትንሿ ሲያዙ ተሰማኝ። ሁለት። ለእንዲያ ያለች ግመል ትንሽ ነው፤ ግን ሰውዬው ምን እንደቸገረው አላህ ያውቃል ብዬ ፊቱን አየሁት። ፊቱ ሩቅ ነበር። «ሁለት» የሚለውን ይዤ ከደጋው ገመገም ወደወረደ አንድ ነጋዴ ሄድኩ፤ በእሱ ፎጣ ሥር ሁለት ጣቱን ያዝኩ። ነጋዴው ደስታውን ለመደበቅ አጥብቆ ሳለ። ወዲያው እጅ ተመታ፣ «አላህ በረካ ያድርግላችሁ» አልኩ፣ ገመዱ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

ሽማግሌው የተሰጠውን ገንዘብ ቆጠረና ቀና አለ። «ሌላው ግማሽ የት አለ?»

«የተባልኩት ይህ ነው» አለ ነጋዴው። «ሁለት ተብያለሁ። ወላሂ ሁለት።»

«አራት ነው የያዝኩት» አለ ሽማግሌው። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ሁለት ነው የያዝከው» አልኩት።

ሰው ተሰበሰበ። በሥራ የሚቀናብኝ አንድ ደላላ ነበር፤ ከኋላ ሆኖ «ኡስታዝ፣ ጣት መቁጠር የትኛው ጋዜጣ ላይ ነበር ያለው?» አለ። ሳቁ። ነጋዴው የግመሏን ገመድ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ግራሩ ሥር የሚቀመጡት የገበያው ሽማግሌዎች ተጠሩ፣ አንድ ባንድ ጠየቁን። ሁለት ሰው ሁለት ነገር ሲል የሚቀረው መሐላ ነው፤ ቁርኣን ከመስጊዱ ይምጣና ደላላው ይማል ተባለ። ከማልኩ ሽማግሌው ግመሉን በግማሽ ዋጋ አጥቶ፣ ሐሰተኛ ተብሎ ወደ ቆላው ይመለሳል። አልምልም ካልኩ ሰንበቴ ላይ ከእንግዲህ እጄን የሚይዝ የለም። ጥርጥር አልነበረኝም። ሁለት ነው የተያዝኩት፤ እጄ ዋሽቶኝ አያውቅም።

ለመማል ውዱእ ላደርግ ኮዳውን ተቀበልኩ። ውሃውን ቀኝ እጄ ላይ አፈሰስኩ። አውራ ጣቴ ላይ ሲወርድ አየሁት፣ ጠቋሚዬ ላይ ሲወርድ አየሁት፣ መሃል ጣቴ ላይ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ቀዘቀዘኝ። ያ ድንበር። ከመልመዴ ብዛት ረስቼው ነበር።

ስመለስ ቁርኣኑ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ መጥቷል። ሽማግሌው አፋር ግን እጁን አነሳ። «መጽሐፉ ይቆይ» አለ። «ይህ ሰው ዋሾ አይደለም፤ ለብዙ ዓመት አውቀዋለሁ። እኔም ዋሾ አይደለሁም። እጅህን ስጠኝ።»

ሰጠሁት። የራሱን ፎጣ ጣለበት። ግራሩ ሥር የነበረው ሰው ሁሉ ፎጣውን ለማየት ተጠጋ።

«አሁን ስንት ያዝኩ?»

«ሁለት።»

«ልብህ ሞልቷል?»

«ሞልቷል።»

ፎጣውን በግራ እጁ ገፈፈው።

አራት ነበር። አራቱ ጣቶቼ በአንድ ላይ እጁ ውስጥ ናቸው። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ጠቋሚዬና መሃል ጣቴ፣ እዚያ አብረው ተይዘዋል፤ ማንም ግን አልነገረኝም። የሰው አስከሬን ላይ የራስህን ቀለበት እንደማየት ነው። ሽማግሌው ጥፍሩን ጠቋሚ ጣቴ ላይ ተከለና ጫነ፤ ሥጋው ጎደጎደ፣ ነጣ።

«ይህስ?»

«አየዋለሁ» አልኩ።

«ታያለህ ወይ አላልኩህም።»

ማንም አልሳቀም። ቀና ስል በዙሪያዬ የቆሙትን ደላሎች አየኋቸው። እያንዳንዱ ቀኝ እጁን ፎጣው ውስጥ ከቷል፤ ፎጣው ውስጥ ደግሞ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። ጣታቸውን ይቆጥሩ ነበር። ያ የሚቀናብኝም ይቆጥር ነበር።

ግመሏ ወደ ባለቤቷ ተመለሰች፣ ገንዘቡ ወደ ነጋዴው። እንደገና ሊስማሙ ፈለጉ፤ ግን በዚያች ሰዓት እጁን ለማዋስ የደፈረ ደላላ ጠፋ። ሰንበቴ ገበያ ላይ ያን ቀን የግመል ዋጋ በአፍ፣ ጮክ ተብሎ ተነገረ። ብዙ ሰው አፍሮ ዞር አለ።

ሽማግሌው ከመሄዱ በፊት ገለል አድርጎ ወሰደኝ። «ግመል እግሯን ስትጎትት ጭነቱን የምናወርደው በመጀመሪያው ቀን ነው» አለኝ። «ከወደቀች በኋላ ምን እናወርዳለን? ያኔ ቢላ ነው።» ከዚያ ሩቁን እያየ ሄደ። ይህን እኔው ለሰው ስንት ጊዜ የተናገርኩት ነገር ነው፤ እሱ ግን ከእኔ ሰምቶት አያውቅም።

በማግስቱ ከሚሴ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ባለቤቴ አብራኝ መጣች፤ እንዳልሸሽ ነው። ሐኪሟ ለልጅነቷ ረጋ ያለች ነበረች። በመጀመሪያ ስለ በሬው ነገርኳት፣ ስለ ራዲዮዎቹም። እየሰማችኝ አንጓዬን በጣቷ ጫፍ መታ መታ አደረገችው፤ መብረቅ ወደ መዳፌ ወረደ፣ ወሬዬም ተቋረጠ። ከዚያ ሁለት እጆቼን ጀርባ ለጀርባ ገጥሜ ጣቶቼን ወደ ታች እንድዘቀዝቅ አዘዘችኝ። የተገለበጠ ዱዓ ይመስላል። እንዲያ ሆኜ ስቆይ የጠፉት ጉንዳኖች ከሩቅ ሲመጡ ተሰማኝ፣ ደካማ ሆነው።

«አንጓው ላይ የሚያልፍ ነርቭ አለ» አለች። «ታንቋል። ገመድ ይጠመጥሙበታል?»

«በአንድ እጄ ወይፈን አቆማለሁ።»

«ነርቩንም አቁመውታል፣ አባባ። መጀመሪያ ሲነዝርዎት ምን አደረጉ?»

«አራገፉት» አለች ባለቤቴ፣ በእኔ ፈንታ።

ሐኪሟ የአውራ ጣቴን ሥር አሳየችን። የግራው እንደ እንቁላል ሞልቷል፤ የቀኙ ሰርጉዷል፣ የደረቀ ኩሬ ይመስላል። እዚያ ያለው ሥጋ እየሞተ እንደሆነ ነገረችኝ። ሲጀምር ብመጣ ኖሮ በዕረፍትና በመደገፊያ ብቻ ይመለስ እንደነበር፣ አሁን ግን ምን ያህል እንደሚመለስ እንደማታውቅ፣ ካልተመለሰ ደሴ ሄጄ መቀደድ እንዳለብኝ ሳትሸፋፍን ተናገረች። አንጓዬ ቀጥ ብሎ እንዲያድር መደገፊያ አሠረችልኝ። እሱን መደገፊያ ቤት ወስጄ ፈታሁት፤ ከቀርከሃና ከለሰለሰ ቆዳ የተሻለ ሠራሁ። በቀጠሮዬ ስመለስ አገላብጣ አይታ «ይሄኛው ይሻላል» አለች። ይህ ይጻፍልኝ።

ገበያ ቀረሁ። ገመድ አልያዝኩም፣ ዱላ ላይ አልተደገፍኩም። የከሚሴን መንገድ፣ የሚያልፉትን ሚኒባሶች እያየሁ በር ላይ እቀመጣለሁ። እጄ በቀርከሃው ውስጥ ጭኔ ላይ ተጋድሟል፤ ባልቴቷ ሲያልፉ እኔን «አከም ቡልቴ» ብለው ሰላም ይሉኛል፣ ቀጥለው እጄን ያዩና እሱንም ሰላም የሚሉት ይመስለኛል። ይመለስ አይመለስ ማንም አያውቅም። ሌሎች ደላሎች ለጥየቃ እየመጡ ስኳርና ቡና ያመጣሉ፤ ሲሰናበቱ ግን ትከሻዬን እንጂ እጄን አይነኩም።

የበልግ ደመና ሲያንዣብብ፣ በአንድ ፀጥ ያለ ቀትር፣ በሩ ላይ እንደተቀመጥኩ አንድ ሰው መሃል ጣቴን ነካኝ። ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀላል አድርጎ። ዞርኩ፤ አጠገቤ ማንም የለም። መንገዱም ባዶ ነው። እንደገና ነካኝ፣ ከዚያ በጣቴ ላይ መራመድ ጀመረ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዝንብ ነበረች።

«ነይማ!» ብዬ ባለቤቴን ጠራሁ።

«ምን ሆኑ?»

«ዝንብ።»

«ታዲያ ያባሯት።»

«እየተሰማችኝ ነው» አልኳት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለታችንም ዝንቧ ጣቴን ጨርሳ እስክትበር ድረስ አየናት።

መሃል ጣቴ ተመለሰ። አውራ ጣቴም አብዛኛው ተመለሰ፤ የሥሩ ሥጋ ግን እንደጎደጎደ ነው። ጠቋሚዬ እስከ መሃሉ ድረስ መጣና እዚያ ቆመ። ጫፉ፣ ያ ምድጃው ላይ የተቃጠለው፣ እስከ ዛሬ አልመጣም። ዘግይቼ በመሄዴ የከፈልኩት እሱን ነው።

ወደ ሰንበቴ የተመለስኩ ቀን ሽማግሌው አፋር ከግመሎቹ ጋር ቆሞ ነበር። ዳጉ ተቀመጥን። ዳጉው ሲያልቅ ፎጣውን ከትከሻው አወረደ። ዙሪያችን ያለው ሰው ቀረበ፤ ያ «ኡስታዝ» ያለኝም መጥቶ ቆሟል። እጄን ሰጠሁ፣ ፎጣው ወረደ።

እንደ ድሮው ለስለስ አድርጎ ያዘኝ። ትንሿ ተሰማችኝ፣ የቀለበት ጣቴ ተሰማኝ፣ መሃል ጣቴም። ከዚያ ጠበቅሁ። ከጠቋሚዬ ምንም አልመጣም። ሦስት ማለት እችል ነበር፣ ምናልባትም ሦስት ይሆን ነበር። ግን ሌሎቹ ጣቶች የተያዙበት አያያዝ ሰፋ ያለ ነበር፤ መሃላቸው ላይ የሚይዘው ነገር ያለው እጅ ነው። ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩ።

«አራት ይመስለኛል» አልኩት። «ጠቋሚዬን ከሆነ የያዝከው ጫፉን ትተህ ከሥሩ ያዝ። ጫፉ ላይ ሰው የለም።»

በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ፊት ተንቀሳቀሰ። ሳቀ፤ ጥርሶቹን አየኋቸው። ከፎጣው ሥር እጁ ወደ ታች ተንሸራተተና የጠቋሚ ጣቴን ሥር ያዘ። ተሰማኝ። አራት።

ግመሉን በአራት ሸጥኩለት። ዛሬ በሰንበቴ ገመድ አንጓው ላይ የሚጠመጥም ደላላ የለም፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እጁ የነዘረውም ከመስጊድ ቀድሞ፣ ከወጌሻም ቀድሞ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እሰደዋለሁ። መስጊድ ደጃፍ ላይ ሰላም ስባባል የሰውን እጅ ትንሽ አቆየዋለሁ፤ ይህን ስለሚያውቁ አንዳንዶቹ ፈርተው በፎጣቸው ጠቅልለው ነው የሚሰጡኝ።

እርጅናው ስለበረታ አሁን ገበያ የምወጣው አልፎ አልፎ ነው። ቀትር ላይ ጋደም ስል አንዳንድ ቀን ስነቃ ያ እጅ ደረቴ ላይ አለ። ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል። አሁን ግን አልስቅበትም፣ አላራግፈውምም። በግራዬ አንስቼ፣ አንጓውን ቀጥ አድርጌ፣ ምንጣፉ ላይ ከጎኔ አስተኛዋለሁ፤ ጉንዳኖቹ መጥተው እስኪያልፉም ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። የዚያን ቀን ምንም አላሠራውም።